በማህፀን ውስጥ የምትቀለሰው ጎጆ

ምስጋና ከምንም አስነስቶ ለፈጠረን፣ ሳንጠይቀው ለሚሰጠን ጌታችን ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ትንሽ ክፍል ነው። የጤፍ ፍሬ እንኳ አጠገቧ ሲቀመጥ ትልቅ ይሆንባታል። ሁላችንም በእናታችን ማህፀን ውስጥ ሳለን ነበረችን። ጥቂት ቀናት ቆይታ መልኳን ትቀይራለች። እርሷ ባትኖር ግን ማናችንም አንኖርም ነበር።

ይህን ርዕስ እንድንመርጥ ያደረጉን ከምዕራብ ሸዋ፣ ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪና ከጎጆ የደረሱን ጥያቄዎች ናቸው። ጥያቄዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የተማሪዎች ነው። «ፅንስ ገና በጅምሩ በመካከሉ ፈሳሽ የተሞላ ክፍት ቦታ እንዳለው ተምረናል፤ ይህ በቁርኣን ውስጥ የት ቦታ ተጠቅሷል?» ይላል። ሁለተኛው የባለ ትዳሮች ነው። «ስድስት ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ልጅ አላገኘንም። ቤተሰቦቼ ማህፀኗ ባዶ ነውና ፍታት ይሉኛል፤ ምን ላድርግ?» የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲታዩ የሚገናኙ አይመስሉም። ነገር ግን የመጀመሪያውን በሚገባ የተረዳ ሰው ለሁለተኛው መልስ መስጠት አይቸግረውም።

ጎጆ ለጀልዱ ወረዳ ሰው የከተማው ስም ነው፤ ለሁላችን ደግሞ የቤት ስም ነው። ልጃችን ሲያገባ «ጎጆ ወጣ» እንላለን። ጎጆ ሲቀለስ ምሰሶው ይተከላል፣ ግድግዳው ይማገራል፣ ጭቃው ይመረጋል። ይሁንና ግድግዳው ቆሞ ውስጡም በጭቃ ቢሞላ ማን ይገባበታል? ሰው የሚኖረው በግድግዳዎቹ መካከል በተተወው ክፍት ቦታ ነው። አላህም ሰውን ሲፈጥር ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ ያዘጋጃል።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። የወንዱ ዘር ከሴቷ እንቁላል ጋር የሚገናኘው በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው። አንዱ ሕዋስ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ አራት ይሆናሉ፤ በሦስተኛው ቀን ስምንት ገደማ ይደርሳሉ። በአራተኛው ቀን ሕዋሳቱ እርስ በርስ ተጠጋግተው እንደ እንጆሪ ፍሬ ድቡልቡል ይሆናሉ። እስከዚህ ድረስ መካከሉ ድፍን ነው። በአምስተኛው ቀን ገደማ ግን በመካከሉ ፈሳሽ መጠራቀም ይጀምራል፤ ድፍኑ ነገር ውስጠ ክፍት ይሆናል። የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ይህችን በፈሳሽ የተሞላች ክፍል ብላስቶሲል ይሏታል። ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «የቡቃያ ክፍት ስፍራ» እንደማለት ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ያለው የሰው ፅንስ በጠቅላላው ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ ቢሆን ነው።

ክፍሏ ስትከፈት ሕዋሳቱ በሁለት ይለያሉ። ከዳር ያሉት ግድግዳ ይሆናሉ፤ ከእነርሱም የእንግዴ ልጁ ይገኛል። ጥቂቶቹ ደግሞ ከውስጥ በአንድ በኩል ተሰባስበው ይቀመጣሉ፤ የልጁ አካል የሚሠራው ከእነዚህ ነው። ከዚያ ፅንሱ በዙሪያው ካለው ስስ ሽፋን ይወጣና ከስድስተኛው ወይም ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ በማህፀን ግድግዳ ላይ መጣበቅ ይጀምራል። ይህች ክፍል እናቶቻችን ከሚያውቁት የሽርት ውሃ የተለየች መሆኗን ልብ በሉ። የሽርት ውሃው የሚሞላበት ከረጢት የሚጀመረው ዘግይቶ ነው፤ ፅንሱ ማህፀን ላይ ከተጣበቀ በኋላ።

ውሃው ወደ ውስጥ የሚገባው እንዴት ነው? የሥጋ ቋንጣ የዘለዘለች እናት መልሱን ታውቀዋለች። ጨው ሲነሰነስበት ሥጋው ውሃ ያወጣል፤ ጨው ውሃን ወደ ራሱ ይስባልና። የፅንሱ ዳር ሕዋሳትም እንዲሁ በጨው ውስጥ የሚገኘውን ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ይገባል። የገባው ውሃ ተመልሶ እንዳይወጣ ደግሞ ሕዋሳቱ ጎን ለጎን እንደ ጥብቅ ስፌት ተያይዘዋል። ስፌቱ ከላላ ወይም ጨው የሚገፋው ኃይል ከደከመ ክፍሏ አትሞላም፤ ፅንሱም ወደ ፊት አይቀጥልም።

በ2019 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር የሚገኙ ተመራማሪዎች በአይጥ ፅንስ ላይ ባደረጉት ጥናት ሌላ ነገር ተመልክተዋል። ውሃው መጀመሪያ ላይ በአንድ ቦታ አይጠራቀምም። በሕዋሳቱ መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የውሃ ኪሶች ይፈጠራሉ። ከዚያ ትንሹ ወደ ትልቁ እየፈሰሰ፣ በክረምት በአምቦ መንገድ ላይ ያቆሩ ኩሬዎች እንደሚቀላቀሉት፣ በመጨረሻ አንድ ክፍል ብቻ ይቀራል። ሱብሓነላህ! ይህ ሁሉ የሚሆነው እናትየው እርጉዝ መሆኗን እንኳ ሳታውቅ ነው።

«ታዲያ ባዶ ቦታ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ከእንቁራሪት ተገኝቷል። በእንቁራሪት ፅንስ ውስጥ ክፍሏ የላይኞቹን ሕዋሳት ከታችኞቹ ለይታ ትይዛለች። ኒውኩፕ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የላይኞቹን ሕዋሳት አውጥቶ ከታችኞቹ ጋር ሲያጣብቃቸው ወደ ቆዳ መሄድ የነበረባቸው ሕዋሳት ወደ ጡንቻና ወደ ደም የሚያመራውን መንገድ እንደሚይዙ አሳየ። ስለዚህ ክፍሏ አንደኛ፣ ሕዋሳቱ ያለ ጊዜያቸው እንዳይነካኩ ትጠብቃለች። ሁለተኛ፣ ጊዜው ሲደርስ ሕዋሳቱ ወደ ውስጥ ገብተው ቦታ ቦታቸውን የሚይዙበት ስፍራ ትሆናለች። ሁሉም በጊዜውና በልኩ እንዲሆን ያደረገው ጌታ ጥራት ይገባው።

ይህ ነገር ከቤታችንም የራቀ አይደለም። የአገራችን ዶሮ እንቁላል ስትጥል፣ አውራ ዶሮ ያገኛት ከሆነ፣ በአስኳሉ ላይ የምትታየው ነጭ ነጥብ ፅንስ ናት። ከመጣሉ በፊት በዶሮዋ ሆድ አንድ ቀን ያህል ስለቆየች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሏት፤ ከነጥቧ ሥርም ፈሳሽ ያለበት ክፍት ቦታ ተዘጋጅቷል። እንቁላሉ ሲቀዘቅዝ ሥራው ይቆማል፤ ዶሮዋ ስትታቀፈው ካቆመበት ይቀጥላል፤ በ21ኛው ቀን ጫጩት ይፈለፈላል። እናቶቻችን አሥር እንቁላል አስታቅፈው ስምንት ሲፈለፈል «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ሁለቱ ስላልተፈለፈሉ ዶሮዋን የሚያባርር ሰው አላየንም።

ላም ያለውም ያውቀዋል። በጉደር በሚገኘው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የሚማሩ ልጆቻችንና ለብዙ ዓመታት በወተት ላሞች ላይ ሲሠራ የኖረው የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ይህን በደንብ ያስረዳሉ። ላሟ ከተጠቃች በኋላ በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን አካባቢ በፅንሱ መካከል ክፍሏ ትከፈታለች። ከዚያ ግን የላም ፅንስ እንደ ሰው ፅንስ ወዲያው አይጣበቅም፤ እንደ ክር እየረዘመ ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ ገደማ ኢንተርፌሮን ታው የሚባል ንጥረ ነገር እያመነጨ «እዚህ አለሁ» የሚል መልእክት ለእናቱ ይልካል። መልእክቱ ከደረሰ ላሟ ረጋ ትላለች። ካልደረሰ በ21 ቀን ገደማ ተመልሳ ኮርማ ትፈልጋለች። ገበሬው «አልያዘላትም» ይልና ሌላ ጊዜ ይጠብቃል። ላሟን በዚያው ወር ገበያ አውጥቶ አይሸጣትም።

ወንድሞችና እህቶች፣ ለዶሮና ለላም ያለንን ትዕግሥት ለሚስቶቻችን ነፍገናል። ወደዚህ ከመግባታችን በፊት ግን የተማሪዎቻችንን ጥያቄ እንመልስ።

ቅዱስ ቁርኣን የሰውን አፈጣጠር በደረጃ ያነሳል። በሱረቱል ሙእሚኑን፣ በምዕራፍ 23፣ ኑጥፋ፣ ዐለቃ፣ ሙድጋ እያለ ይዘረዝራል። ዐለቃ የሚለው የዐረብኛ ቃል የሚጣበቅን፣ የሚንጠለጠልን ነገር እንዲሁም የረጋ ደምን እንደሚያመለክት የቋንቋውና የተፍሲሩ ሊቃውንት ጽፈዋል። ፅንስ በማህፀን ግድግዳ ላይ መጣበቁን የተማረ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ኢማኑ ቢታደስ መልካም ነው። ነገር ግን በፈሳሽ ስለተሞላችው ክፍል በቁርኣን ውስጥ በስም የተነገረ ነገር የለም። «አለ» ብለን በግድ ልንጎትተው አይገባም።

ይህን የምንለው ለምንድን ነው? በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኪዝ ሙር የተባሉ የካናዳ የሥነ አካል ምሁር ስለ ቁርኣንና ስለ ፅንስ ያደረጉት ንግግር በሙስሊሙ ዓለም በካሴትና በመጽሔት ተሰራጭቶ ብዙዎችን አስደስቷል። ከዚያ ወዲህ ግን እያንዳንዱን አዲስ ግኝት ከአንቀጽ ጋር ለማጣበቅ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች በዝተዋል። የቀድሞ ዑለሞቻችንም የዘመናቸውን ሕክምና ያነቡ ነበር። ለምሳሌ ኢብኑል ቀይም በ14ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ስለ ልጅ አስተዳደግ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፅንስ ሲያወሱ የግሪኩን ሐኪም የሂፖክራተስን አስተያየት ጠቅሰዋል። ከዚያ ዘመን ሕክምና ዛሬ ብዙው ተሽሯል፤ ቁርኣን ግን አልተሻረም። እምነታችንን በሐኪሞች መጽሐፍ ላይ ብንሰቅለው ኖሮ መጽሐፉ ሲታረም እምነታችንም ይወድቅ ነበር። ቁርኣን የሂዳያ መጽሐፍ ነው። በራሳችሁ አፈጣጠር ላይ አስተንትኑ ይለናል። ማጥናቱን ደግሞ ለዐቅላችን ትቶልናል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ትምህርታችሁን በሚገባ ተማሩ፤ በማይክሮስኮፕ ያያችሁትንም የአላህ ሥራ ነው ብላችሁ አመስግኑ። ይህ በቂ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። «ማህፀኗ ባዶ ነው» የሚለው ቃል በብዙ ቤት እንደ ስድብ ይነገራል። ቀደም ብለን እንዳየነው ልጅ እንዲገኝ ብዙ ነገር በየጊዜው መሟላት አለበት። ሕዋሳቱ መከፈል፣ ስፌቱ መጥበቅ፣ ውሃው መግባት፣ ፅንሱ ከሽፋኑ መውጣትና መጣበቅ አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ፅንሱ ይቀራል፤ ሴቲቱም ሳታውቅ የወር አበባዋ ይመጣል። በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት 221 ጤነኛ ሴቶች በየቀኑ ሽንታቸው እየተመረመረ ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። ከተገኙት እርግዝናዎች መካከል 31 በመቶ የሚሆኑት ተቋርጠዋል። ከመቶ 22 የሚሆኑት የጠፉት እርግዝናው በተለመደው መንገድ ከመታወቁ በፊት ነው። እነዚህ ሴቶች በሽተኞች አልነበሩም፤ አብዛኞቹም በኋላ አርግዘዋል። ስለዚህ አንዲት እህት ልጅ ዘገየባት ወይም አስወረዳት ማለት ኃጢአት ሠራች፣ ቡዳ በላት፣ ወይም ዕድለ ቢስ ናት ማለት አይደለም።

ደግሞስ ጉድለቱ የእርሷ ብቻ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ልጅ ካጡ ባልና ሚስት መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ ከባልየው በኩልም ችግር እንደሚገኝ ሐኪሞች ይናገራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር እንደሚገጥመው ገልጿል። ወንዱ ሳይመረመር ሚስቱን መፍታት በደል ነው። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አግብቶ ልጅ ሳያገኝ የቀረና የመጀመሪያዋን ሲያስታውስ የሚቆጭ ሰው በየሰፈሩ አለ።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ምን ያስተምረናል? አላህ በሱረቱ ሹራ ለአንዱ ሴት ልጅ፣ ለአንዱ ወንድ፣ ለሌላው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሻውንም ያለ ልጅ እንደሚያቆይ ነግሮናል። ስጦታውም ክልከላውም በእርሱ ዕውቀት ነው። ነቢዩላህ ኢብራሂምና ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) እስከ እርጅናቸው ልጅ የጠበቁ ነቢያት ናቸው። የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ልጅ አልወለዱም። ይሁንና ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በእህታቸው ልጅ በዐብደላህ ስም «ኡሙ ዐብደላህ» ተብለው እንዲጠሩ አደረጉ። ያልወለደችን ሴት በእናትነት ስም አከበሯት፤ ኡማውም እስከ ዛሬ ዲኑን ከእርሷ ይማራል። እኛ ታዲያ በማን ሱና ነው ያልወለደችውን የምናዋርደው?

ሰብር ማድረግ ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ መታከም ተፈቅዷል። በአገራችን በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። በእንደዚህ ዓይነት ማዕከላት ሌላ ሕክምና ላልረዳቸው የባልና የሚስት ዘር ከማህፀን ውጭ እንዲገናኝ ይደረጋል። ፅንሱም በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ወደ ማህፀን ይገባል። እስከ አምስተኛው ቀን ከቆየ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ የሚመለከተው ያችኑ የተነጋገርንባትን ክፍል ነው፤ ምን ያህል እንደሰፋች አይቶ የፅንሱን ጥንካሬ ይገምታል። በዚህ ዘዴ በዓለም የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ነው።

በዚህ ሕክምና ላይ ዑለሞች ሳይወያዩ አልቀሩም። የዓለም አቀፉ ኢስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ በ1986 እ.ኤ.አ. በዐማን ከተማ ባደረገው ጉባኤ፣ ዘሩ የባል፣ እንቁላሉ የሚስት፣ ማህፀኑም የዚያችው ሚስት ሲሆን፣ ለችግር ጊዜና ከጥንቃቄ ጋር እንደሚፈቀድ ወስኗል። የሌላ ወንድ ዘር፣ የሌላ ሴት እንቁላል ወይም የሌላ ሴት ማህፀን ከገባበት ግን ክልክል ነው፤ የዘር ሐረግ ይቀላቀላልና። ይኸው አካዳሚ በ1990 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባሳለፈው ውሳኔ ደግሞ ከሚያስፈልገው ቁጥር በላይ እንቁላል እንዳይዳቀል አሳስቧል። ስለዚህ ወደ ሕክምና የሚሄዱ ባለ ትዳሮች ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ዘራቸው ከሌላ እንዳይቀላቀል በስማቸው መመዝገቡንም ያረጋግጡ።

በመጨረሻ ለቤተሰቦች የምንመክረው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ ለአንድ ዓመት ያህል አብረው ኖረው ልጅ ካልተገኘ ባልና ሚስት አብረው ይመርመሩ። «እኔ ወንድ ነኝ፣ አልመረመርም» የሚል ባል ሚስቱን ብቻዋን ለሐሜት አሳልፎ ሰጥቷል። ሁለተኛ፣ ወደ ጠንቋይና ወደ ቃልቻ ቤት አትሂዱ። ልጅ ፍለጋ ኢማንን መሸጥ ከሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው። ሦስተኛ፣ ሕክምናው ውድ ነው፤ ሁልጊዜም አይሳካም። ያላችሁን ጥሪት ጨርሳችሁ፣ በወለድ ተበድራችሁ አትግቡበት፤ ከአቅማችሁ ጋር ተመካከሩ። አራተኛ፣ አማቶች ሆይ፣ የልጃችሁን ሚስት በሆዷ አትለኳት፤ በሰላቷ፣ በአደቧና በአያያዟ ለኳት። አምስተኛ፣ ልጅ ያልተሰጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የቲም በማሳደግ የሚገኘውን ትልቅ አጅር አስቡ። ስሙንና የአባቱን ዘር ሳትቀይሩ አሳድጉት፤ ቤታችሁ በበረካ ይሞላል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከጤፍ ያነሰችውን ክፍል በውሃ የሚሞላት አላህ ነው። እኛ በባዶነቷ የናቅናት ክፍል የሰው ልጅ የመጀመሪያ ቤት ሆና ተገኝታለች። በጎረቤታችን ቤት ውስጥም እስካሁን የልጅ ድምፅ ያልተሰማበት ጎጆ ካለ፣ አላህ ምን እንዳዘጋጀለት አናውቅምና አንናቀው፤ ጎብኝተነው ዱዓ እናድርግለት።

አላህ ልጅ ለተመኙ ሷሊሕ ልጅ ይስጣቸው። ለዘገየባቸው ሰብርን፣ ለበደሉ ተውበትን፣ ለትዳሮቻችን እዝነትን ይወፍቀን። አሚን።